የተፈናጣጭ ቅናት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርዱ ለቀቅ ባደረገ ሰሞን፣ መኝታ ቤት ውስጥ አንሶላ እየቀየርኩ ሳለ ማስቲሽ ሸተተኝ። የጫማ አይደለም፣ የጎማ ማስቲሽ ነው፤ ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ትራሱን እንዳቀፍኩ ወደ ወጥ ቤት ብሄድ፣ ባለቤቴ ይርጋ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ የብስክሌቱን የውስጥ ጎማ ዘርግቶ፣ የተበሳውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ያፏጫል። የሚያፏጨው መዝሙር አይደለም፤ የድሮ ዘፈን ነው። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። "ለነገ ነው፣ አሁን እጨርሳለሁ" አለኝ ቀና ሳይል። ነገ እሑድ ነው። እሑድ ጠዋት ከስንዱ ጋር በኒዳ ወንዝ ዳር በብስክሌት ይሄዳሉ። ስንዱ ማን እንደሆነች እደርስበታለሁ። ለጊዜው ይህን ብቻ ልበል፦ በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ጉልበቴን በቅባት እያሸሁ፣ ቀናሁ። ያውም ክፉኛ። በዚህ ላይ ማስቲሹ ክንዴን ይዞ ከፍራንክፈርቱ የጊንሃይም ፎቃችን አወረደኝና ባሕር ዳር፣ ከጎማ ለጣፊው በር ላይ አቆመኝ።

"መስኮት ልክፈትልሽ?" አለኝ ይርጋ፣ ትራሱን አቅፌ መቆሜን አይቶ።

"ተወው፣ ይሽተት" አልኩት።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር የኖረ ሰው ብስክሌት ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዳገት የሚባል ነገር አታውቅም። አስተማሪው በብስክሌት፣ ነርሷ በብስክሌት፣ ለቅሶ ደራሹ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በብስክሌት። ማታ ማታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጎማ ብቻ ይሆናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን መስቀልኛ አጣፍተው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ይነዳሉ፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። የሌለው ይከራያል፣ አንድ ሰዓት በስሙኒ፣ ባለቤቱ ካወቀው ደግሞ ስሙኒዋ ትንሽ ትለጠጣለች። ወንዶቹ ቤልቦተም ሱሪ ነበር የሚለብሱት፤ ጫፉ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል፣ ከዚያ አፍሯቸውን በነፋስ አስበትነው ይከንፋሉ። ከየሻይ ቤቱ ሬዲዮ ይጮሃል። ሁሉም የሚከፍቱት አንድ ጣቢያ ስለሆነ፣ ዘንባባዎቹ ሥር አንዱ ሻይ ቤት በር ላይ መስማት የጀመርነውን ዘፈን እየነዳን ሄደን ከሦስተኛው ሻይ ቤት በር ላይ እንጨርሰዋለን። ዛሬ ልጆቻችን ጆሯቸው ውስጥ ነጭ ነገር ሰክተው ሲሄዱ ሳይ ያ ነው ትዝ የሚለኝ። የእኛ ዘፈን መንገድ ዳር የተዘረጋ ነበር።

ብስክሌት የሌላት ልጃገረድ ደግሞ ትፈናጠጣለች። መፈናጠጥ ዝም ብሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ፤ ሥርዓት አለው። ያፈናጠጣት ወንድሟ ከሆነ ወገቡን ትይዛለች፣ ማንም ዞሮ አያያትም። ባዳ ከሆነ ግን ወደ ጎን ትቀመጥና የኮርቻውን ሽቦ ነው የምትይዘው። እጇ ከኮርቻው ሽቦ ወደ ልጁ ወገብ የዞረ ዕለት፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴትዮ ሳትቀር "ሽማግሌ ሊላክ ነው" ትላለች። እኔን ያፈናጥጠኝ የነበረው ይርጋ ነው። ሁለታችንም ፋብሪካው ውስጥ ነበርን፣ እኔ ፈተል ክፍል፣ እሱ ጥገና። አሮጌ ጥቁር ብስክሌት ነበረችው፣ ፍሬኗ የተበጠሰ። ማቆም ሲፈልግ በጫማው ሶል ጎማውን ይረግጣል፤ በዚህ የተነሳ ቀኝ ጫማው ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ያልቃል፣ እሱም "ፍሬን የለው" እየተባለ ይጠራል። አንድ ክረምት ሙሉ የኮርቻውን ሽቦ ይዤ ሄድኩ። በበጋው እጄ ዞረ።

ደስታዬን አልደብቅም፣ በዚያ መቀመጫ ላይ ንግሥት ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚከነክነኝ። ከኋላ የተፈናጠጠ ሰው የሚያየው ጀርባ ነው። የይርጋን ጀርባ ከእናቱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሲነዳ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ሸሚዙ ከአንገቱ ሥር በላብ ይርሳል። ፊቱ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። ይስቅ ይሆን? ጥርሱን ይነክስ ይሆን? ያንን የሚያየው ከጎኑ የሚነዳ ሰው ነው። ከጎኑ የምትነዳው ደግሞ ስንዱ ነበረች። ስንዱ የፈተል ክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ዕቁብ ሲደርሳት እንደ ሌሎቻችን ጨርቅ አልገዛችም፣ አረንጓዴ የሴት ብስክሌት ገዛች። አንድ እጇ መሪው ላይ፣ አንድ እጇ ሸንኮራ ላይ፣ እየቆረጠመች ከጎናችን ትነዳለች። ያወራሉ። ንግግሩን ነፋስ ይወስደዋል፤ የይርጋ ሳቅ ብቻ በጀርባው በኩል ወገቡን በያዘው እጄ ውስጥ ይደርሰኛል። "ምን አለችህ?" እለዋለሁ ስወርድ። "ምንም፣ ቀልድ ነው" ይለኛል። ስንት ሌሊት ያንን ቀልድ ፈልጌ አጥቼ አድሬአለሁ።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ፋብሪካውም ሰዉም እንደ ድሮው መሆኑ ቀረ፤ እኛም ተጋብተን፣ በሱዳን ዞረን፣ እዚህ ደረስን። ስንዱ በዚያ ትርምስ ውስጥ ጠፋችን። ተገላገልኩ ማለት ነውር ነው፤ ግን ተገላገልኩ። ፍራንክፈርት ውስጥ ብስክሌት ትዝም አላለን። እሱ ፍሉግሃፈን፣ ኤርፖርቱ፣ ሻንጣ ይጭናል፣ እኔ አውሮፕላን አጸዳለሁ፤ የጠዋት ፈረቃ ሲሆን ገና ሳይነጋ ኤስባን ባቡር ውስጥ ቆመን እያንቀላፋን እንሄዳለን። ሬንተ፣ ጡረታ፣ ከወጣን በኋላ ይርጋን ስኳር አገኘው። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ አለው። ልጃችን ሩት ብስክሌት ገዝታ መጣችና "ፓፓ፣ የደን ታግ!" ብላ፣ በየቀኑ እንዲነዳ ማለቷ ነው፣ እጁ ላይ ጥላ ሄደች።

የመጀመሪያ ቀን ልሸኘው ግቢ ወረድኩ። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ነበር የወረድኩት፤ አንድ ነገር ሳይታወቀኝ ውስጤ ተስፋ አድርጓል። "አፈናጥጠኛ!" አልኩት።

"አንቺ! እዚህ አገር ትልቅ ሰው ማፈናጠጥ ፈርቦተን ነው፣ ክልክል፣ ፖሊዛይ ይቀጣኛል" አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ያለውን ዕቃ መጫኛ አየና፣ "ደግሞስ ሃያ አምስት ኪሎ ብቻ ይጭናል ይላል፣ አስኩ። የትኛውን እግርሽን ልጫን?"

ሳቅሁ። ማሽላ እያረረ ይስቃል። ወንበሬን የጀርመን ሕግ ወሰደብኝ ብዬ ደረጃውን ወጣሁ። ያም ሆኖ አልቀናሁም ነበር፣ ምክንያቱም ይርጋ የሚነዳው ክኒን እንደሚውጥ ሰው ነው። ሰፈሩን አንዴ ይዞራል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ፊቱን አጨማዶ ይገባል፣ "ጨረስኩ" ይላል። ዝናብ ከጣለ ደስ ይለዋል። እኔም እንዲሁ እያጉረመረመ ቢኖርልኝ ምንም አልከፋኝም።

ስንዱ የመጣችው በመስከረም ነው። ጉባኤያችን የራሱ ሕንፃ የለውም፤ ጀርመኖቹ ጠዋት አምልኳቸውን ሲጨርሱ እኛ ከሰዓት አዳራሹን እንከራያለን። ጸሎት ልንጀምር ስንል በሩ ተከፈተና አንዲት ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴትዮ፣ በሱሪ፣ የብስክሌት ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ ገባች። እህቶች ተያዩ። ሴትዮዋ አዳራሹን ቃኘችና ዓይኗ እኛ ጋ ሲደርስ፣ "ፍሬን የለው!" ብላ ጮኸች።

እዚህ ይርጋ "ጋሼ ይርጋ" ነው፤ ወጣቶቹ አንቱ ይሉታል። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። እሱ ግን ወንበሩን ገፍቶ ተነስቷል። "ስንዱ? ስንዱ ሸንኮራ? አንቺ አለሽ እንዴ!"

ካሰል ኖራ፣ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ስታስታምም ከርማ፣ ባሏን ቀብራ፣ አሁን ለልጇ ቅርብ ልሁን ብላ ሮደልሃይም ቤት ይዛለች። ይህን ሁሉ ለእሱ ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አቀፈችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ጆሮዬ ሥር "አስኩዬ፣ አሁንም ትፈናጠጫለሽ?" አለችና ጠቀሰችኝ። 

ጥቅሻው ይህ ነው። እኔ ብስክሌት መንዳት እችላለሁ። ያኔም እችል ነበር። ያስተማረችኝ ራሷ ስንዱ ናት፣ በምሳ ሰዓት፣ ከፋብሪካው መጋዘን ጀርባ የጥጥ መኪኖች በሚዞሩበት ሜዳ ላይ፣ በአረንጓዴዋ ብስክሌቷ። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። ሳልያዝ የነዳሁ ዕለት በደስታ ሰክሬ ከስንዱ ጋር ወደ በሩ ስንወጣ፣ ያ ፍሬን የሌለው ልጅ ጫማውን እያንፏቀቀ ፊታችን ቆመና፣ "አስካለ፣ አንቺ ብስክሌት አትችዪም አይደል? ነይ ላፈናጥጥሽ" አለኝ። የምትነዳን ሴት ማን ያፈናጥጣል? "አዎ፣ አልችልም" አልኩ። ስንዱ አየችኝ። አየችውና እንደገና አየችኝ፣ ከዚያ ሸንኮራዋን ቆረጠመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ነክቼ አላውቅም፣ እሷም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አልጸጸትበትም፣ ወንበሩ ጥሩ ወንበር ነበር። ግን ዝም ያለችው ለእኔ ብላ ነው ወይስ ከጎኑ ያለው ቦታ ስለበቃት? ይህን ጠይቄያት አላውቅም፣ መልሱን ስለምፈራ።

እሑድ ጠዋት አብረው መንዳት ጀመሩ። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሰዓቱን ማስፈታት ነው። "ለስኳርህ ብለህ አትንዳ" አለችው፤ እሱ ነው መጥቶ የነገረኝ። "ለስኳር የሚነዳ ሰው ከስኳሩ ጋር ነው የሚውለው። ወደሚያስቅህ ቦታ ንዳ። ዳቦ የሚሸትበት መንገድ ካለ በዚያ ዙር። ደከመህ? ቁምና ሰው እያየህ እማ።" ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣ ጀመር። ጉንጩ ቀልቶ፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ፣ አፉ ወሬ ሞልቶ። ጀርመኖቹ ኒልጋንስ የሚሏቸውን የእኛኑ የዓባይ ዝዮች አይተው፣ "ጥገኝነት ሳይጠይቁ ገብተው የወንዙን ዳር የያዙት እነሱ ብቻ ናቸው" ብላ ስንዱ አሳቀችው። ስንዱ እንዲህ ያለ ኮርቻ ግዛ አለች። ስንዱ ዝናብም ሲለመድ ደስ ይላል አለች። ስንዱ፣ ስንዱ፣ ስንዱ! ስኳሩ ወረደ፣ ሐኪሙ ደስ አለው፣ ሩት ደስ አላት። የእኔ አንጀት አረረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እነሱን ምንም ማለት ስላልቻልኩ ብስክሌቱን ጠላሁት። ኮሪደሩን አጨቀየ ብዬ ጮህኩ፤ ኬለር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ቦታ ያዘ ብዬ ጮህኩ።

"ታዲያ አንቺስ ለምን አትመጪም? በባቡር ሄክስት ደርሰሽ ጠብቂን" አለኝ አንድ ቀን። ሄድኩ። ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ኒዳ ከትልቁ ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሩቅ መጡ፣ ጎን ለጎን፣ እየሳቁ። ፊቱን ብስክሌቱ ላይ እንዳለ ልየው ብዬ መነጽሬን ከቦርሳዬ ስፈልግ ደርሰው ወረዱ። ከወረደ በኋላማ ፊቱ ቤቴ የማየው ፊት ነው። ስንዱ ዳቦውን ቆርሳ እየበላች "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። እጄ ለዳቦ ነው የተፈጠረው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በባቡር ለብቻዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ማስቲሽ የሸተተኝ ቅዳሜ ከዚህ በኋላ ነው። በማግስቱ እሱ ሲወጣ ተከትዬ ወደ ኬለር ወረድኩና የሩትን የድሮ ቀይ ብስክሌት ከአሮጌ ፍራሽ ጀርባ ጎትቼ አወጣሁት። ነፋስ ሞላሁት፣ አቧራውን በሻሼ ጠረግሁ። እሑድ ስለሆነ ሱፐርማርኬቱ ዝግ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ባዶ ሜዳ። ሁለት ጊዜ ዘልዬ ወረድኩ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ቋ አለ፣ መሪው እንደ እልኸኛ በግ ወደ አጥሩ ጎተተኝ፣ ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀጥ አለልኝ። ውሻ የምታንሸራሽር አንዲት አሮጊት ቆማ "ላንግዛም፣ ላንግዛም!" አለችኝ። ምን ቀስ እላለሁ! ቀሚሴ ነፋስ ሞልቶት፣ የጋሪ መደርደሪያውን ዞሬ፣ የጠርሙስ መጣያውን ዞሬ፣ የዘንባባ ጥላ የማልፍ እየመሰለኝ ዞርኩ። ለካስ ያ የመጋዘን ጀርባ ደስታ የትም አልሄደም፤ ኬለር ውስጥ ነበር። ይርጋንም፣ ስንዱንም፣ ቅናቴንም ረሳሁ። ትዝ ሲለኝ ደግሞ ለምን ረሳሁት ብዬ ተናደድኩ። ለእሱ የመጣሁ ሴትዮ ለራሴ ስዞር አረፈድኩ።

ጥቂት እሑዶች እንዲህ አለፉ። እሱ ሲወጣ እወጣለሁ፣ ሳይመለስ እመለሳለሁ፤ ጉልበቴን ሳሽ ሲያየኝ "እርጅና" እለዋለሁ። ከዚያ አንድ ብሩህ ጠዋት ወደ መኪና ማቆሚያው አልታጠፍኩም። በኒዳ ፓርክ በኩል ወጥቼ የወንዙን መንገድ ያዝኩ፣ ሮደልሃይም አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ከፊቴ አየኋቸው። ጀርባውን መቼም አልስተውም። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሏል። ከጎኑ ስንዱ አለች፣ አንድ እጇ መሪው ላይ፣ አንድ እጇ አየር ላይ፣ የሆነ ነገር ታወራለታለች።  ቅናቴ፣ ያ ሁሉ ዘመን የያዝኩት፣ እግሬ ላይ ወረደና ፔዳሉን ረገጠልኝ። ደወሉን መታሁት።

መጀመሪያ የዞረችው ስንዱ ናት። አየችኝ። እጇን ወደ ፍሬኑ መለሰችና ቀስ ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ገባሁበት።

ይርጋ ከጎኑ ያለችው አሁንም ስንዱ መስላው ወደ ፊት እያየ ነው። ፊቱን አየሁት። አፉ ገርበብ ብሏል፣ የምላሱ ጫፍ በከንፈሩ ጥግ ወጥቷል፣ ዓይኑ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ፈጥጧል። ይኸው ነው! ስንት ዘመን ስቀናበት የኖርኩት ፊት ይህ ነበር፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሳቄን ሰምቶ ዞረ። ብስክሌቱ ወደ ሣሩ ሄደ፣ ተመለሰ። እኔን አየ፣ መሪዬን አየ፣ እግሬን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱ ጠቆረ።

"ማን አስተማረሽ?"

"ድሮ ነው" አልኩት።

"ድሮ መቼ? ባሕር ዳር?"

"አዎ፣ ባሕር ዳር።"

"ሳፈናጥጥሽ ትችዪ ነበር?"

"ሳታፈናጥጠኝ በፊት እችል ነበር።"

ፔዳሉን መርገጥ አቆመ፣ ብስክሌቱ በራሱ እየተንከባለለ። "ማነው ሰውዬው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወዲያው አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። "ስንዱ! አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማነው ያስተማራት?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች ስንዱ፣ ወደ ዝዮቹ እያየች።

እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ስንዱም አልነገረችውም፤ ሁለታችን ስልክ ላይ ስንሳሳቅ ሲሰማን "ምን ትላለች?" ይለኛል፣ "ምንም፣ ቀልድ ነው" እለዋለሁ። እሱ ግን ማሰቡን አልተወም። ትናንት እራት ላይ ጉርሻውን ይዞ ቆመና፣ "የሽመና ክፍሉ መንገሻ ነው፣ ያ ረጅሙ?" አለኝ። መንገሻ ከሞተ ስንት ዓመቱ። ወጥ ጨመርኩለት። እሑድ ጠዋት ሦስታችንም እንወጣለን፣ ስንዱ ትንሽ ከኋላችን። ዝዮቹን አያያቸውም፣ ወንዙን አያየውም። ከጎኔ እየነዳ መንገዱን ትቶ ፊቴን ያያል።